ሃምሳ ሰባት ቀን በደንገል ላይ

የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል!

አዎ፣ ደንገል። ያው ታንኳ የሚታሰርበት፣ ያው ከጣና ዳር ቆሞ ነፋስ ጎፈሬውን የሚያበጥርለት ደንገል። ስምንት ሰዎችና አንዲት ጦጣ ጭኖ ከሞሮኮ ተነሣ፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ገባ። ይህን ካወቅሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሳልነግረው አላሳለፍሁም፤ ለሚኒባስ ረዳት ነግሬያለሁ፣ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ቡና ለምታፈላልኝ ልጅ ሁለት ጊዜ ነግሬያለሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

እኔ የየጁቤ ልጅ ነኝ። የጁቤ ያደገ ሰው ባሕር አያውቅም፤ የሚያውቀው ዓባይን ነው፣ እሱንም ከአፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል እያየ። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ በጎጃም ምድር የገነነ ገበያ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ እየተሻገረ እኛ ዘንድ ይወጣ ነበር፤ የሚያሳዝነው ሰውም ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ አያቶቻችን ውሃን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን በመሻገር ነው። በበጋ መልካውን ጠብቀው ያልፋሉ፤ ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ በቃ። ወደ ሞጣ በኩል ያሉት ደግሞ ሰባራ ድልድይን አውቀውታል፤ ቅስቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ ሰው በገመድ ታስሮ ከወዲያ ማዶ ወደ ወዲህ ማዶ ይጎተት ነበር፣ ዓባይ ከእግሩ ሥር እያገሳ። ውሃ ለእኛ ቶሎ አልፈውት እፎይ የሚሉት ነገር ነው። ውሃ ላይ ተኝቶ መነሣት፣ ውሃ ላይ ምሳ በልቶ እራት መጠበቅ፣ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ላይ መኖር፣ ይህ ለእኛ የኖኅ ታሪክ ነው።

እንዲህ ሆኜ ነው መጽሐፉን ያገኘሁት። አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ፣ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ዘንድ፣ ሽፋኑ የተላጠ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አነሣሁ። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል ስለ «ራ» ጉዞዎቹ የጻፈው ነው። መሐሉን ስገልጥ «ጣና» የሚል ቃል ዐይኔ ውስጥ ገባ። እዚያው ቆሜ አንድ ገጽ አነበብሁ፣ ሁለት ገጽ አነበብሁ፣ ሻጩ ዋጋውን ሲነግረኝ ሳልከራከር ከፈልሁ። ሌሊቱን ሳነብ አደርሁ፤ ወፍ ሲንጫጫ እኔ ገና መሐል ውቅያኖስ ላይ ነበርሁ።

ሄየርዳል ዝናው የቆየ ሰው ነው፤ በ1939 ዓ.ም. «ኮን-ቲኪ» በተባለች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን የፖሊኔዥያ ደሴቶች ደርሷል። በኋላ ዐይኑ በጥንት ግብፆች መቃብር ግድግዳ ላይ በተሣሉት የደንገል መርከቦች ላይ ዐረፈ። እነዚህ መርከቦች በዓባይ ላይ ብቻ ነው የሚንሳፈፉት ወይስ ውቅያኖስ ይችላሉ ብሎ ጠየቀ። የጠየቃቸው ሊቃውንት መልሳቸው አንድ ነበር፤ ደንገል በባሕር ውሃ ሁለት ሳምንት አይቆይም፣ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል። እሱ ግን እስቲ ይሞከር አለ። ችግሩ በግብፅ የዓባይ ዳርቻ ያ ሁሉ ጥንታዊ ደንገል ዛሬ የለም። የት አለ? ከምንጩ! ጣና! እናም ሰውየው አገራችን መጣ፤ ገዳማቱን አየ፣ መነኮሳቱ በታንኳ ሲቀዝፉ አየ፣ ደንገሉ ከጣና ታጨደ፣ ደረቀ፣ ተጭኖ ግብፅ ገባ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ። ዓባይ አፈራችንን ተሸክሞ ግብፅ ሲወርድ ስንት ሺህ ዓመት ሆነው፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ደንገሉ ተከተለው።

በነገራችን ላይ፣ የጥንት ግብፆች አሜሪካ ደርሰዋል የሚለውን ሐሳብ ሊቃውንቱ ዛሬም አይቀበሉትም። አይቀበሉት። እኔን ያሳበደኝ የግብፆቹ ጉዳይ አይደለም፤ ደንገሉ ነው። የተንሳፈፈው እሱ ነው።

የመጀመሪያዋ «ራ» የተሠራችው ጊዛ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ነው። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የደንገል ጀልባ አዋቂዎች ነበሩ። ርዝመቷ 15 ሜትር ነው፤ ሳንቃ የለባት፣ ምስማር የለባት፤ ደንገል በነዶ በነዶው ተደርጎ በገመድ የተጠፈረ ብቻ። በላይዋ እንደ እንቅብ የተጎነጎነች ጎጆ፣ ሁለት እግር ያለው ምሰሶ፣ በወይን ጠጅ ቀለም ሸራ ላይ ብርቱካን መሳይ ፀሐይ። «ራ» ማለት የጥንት ግብፆች የፀሐይ አምላክ ስም ነው። ሳፊ ከተባለው የሞሮኮ ወደብ በፍየል ወተት ተመርቃ፣ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ ሰቅላ ወጣች።

በመጀመሪያው ቀን መሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ። በመጀመሪያው ቀን! እኔ ብሆን ተመለሱ እል ነበር። እነሱ ግን ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስና የካናሪን ጅረት ተማምነው ቀጠሉ፤ ነፋሱም ጅረቱም ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው የሚወስደው።

አሁን ኑሮውን አብራችሁኝ እዩት፤ መጽሐፉ ላይ ሙጭጭ ያልሁት ለዚህ ነውና። ሰባት ሰው በአንዲት የሰበዝ ጎጆ ውስጥ ይተኛል። አልጋቸው የጭነት ሣጥን ነው፤ የሰው ንብረቱ ሁሉ ከጀርባው ሥር ነው። ሌሊት ጸጥታ የለም። ሞገዱ መርከቧን ሲያነሣት ደንገሉ ከገመዱ፣ ገመዱ ከምሰሶው፣ ጎጆዋም ከሁሉም ጋር ትፋተጋለች፤ አዲስ ሰሌን ላይ ሰው ሲገላበጥ የሚሰማውን ድምፅ በሺህ አባዙትና እዚያ ውስጥ ተኙ። የሳንቃ መርከብ ከሞገድ ጋር ይጋጫል፤ የደንገል መርከብ ግን እንደ እባብ አብራ ትጥመለመላለች። ከሁሉ ያስደነቀኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሞገድ ዘልሎ መርከቧን ሲሞላት የሚቀዳ ሰው የለም! ውሃው በደንገሉ መሐል እንደ ወንፊት ሾልኮ ወደ መጣበት ይመለሳል። ቀዳዳ መርከብን ያሰምጣል ብለን የምናውቀውን ሁሉ ይህች መርከብ ገለበጠችው፤ ሁለመናዋ ቀዳዳ ነው፣ ስለዚህ ቀዳዳ አያሰጋትም።

ሌሊቱን በየተራ ዘብ ይቆማሉ። ባለ ተራው ወገቡን በገመድ አስሮ መቅዘፊያውን ይይዛል፣ ዐይኑን ኮከብ ላይ ይተክላል፤ ከመርከቧ የወደቀ ሰው ካለ መርከቧ ዞራ አትመለስለትም፣ እሷ የምታውቀው ወደ ፊት ብቻ ነው። ጠዋት ኖርማን ቤከር የሚባለው አሜሪካዊ በሴክስታንት ፀሐይን ለክቶ የት እንዳሉ ይነግራቸዋል። ስንቃቸውን ልንገራችሁ? ካይሮ ሙዚየም ካለው የጥንት እንስራ አምሳል የተሠራ ገንቦ፣ በውስጡ ማር፣ የደረቀ ፍሬ፣ በኖራ የተቀበረ እንቁላል፣ እንደ ድርቆሽ የደረቀ ዳቦ። ውሃውም በፍየል አቁማዳ። የጁቤ ላይ መንገደኛ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ስንቅ በአንዴ ያውቀዋል! በራሪ ዓሣ ደግሞ ሌሊት በራሱ ጊዜ ዘልሎ መርከቧ ላይ ይወድቃል፤ ሲነጋ ቁርስ ነው። ሳፊ የተባለች ጦጣ ገመድ ለገመድ ትዘላለች፤ ሲንባድ የተባለ ዳክዬ ከእግራቸው ሥር ይዞራል።

ሰዎቹስ! ከቻድ የመጣው አብዱላሂ ጂብሪን ጣፋጭ ውሃ ሐይቅ ላይ ያደገ ሙስሊም ነው፤ መርከቧን ከሠሩት አንዱ ነው፣ መርከቧ ላይ ሶላቱን ይሰግዳል። ግብፃዊው ጆርጅ ሱሪያል ጠላቂ ዋናተኛ ነው፣ ኮፕት ነው፤ ጳጳስ ለብዙ ዘመን ከእስክንድርያ ሲላክላት የኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ለሆነ አንባቢ ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ካርሎ ማውሪ ተራራ ወጪ ነው። ሜክሲኳዊው ሳንቲያጎ ሄኖቬስ የሰው ዘር አጥኚ ነው። ሐኪሙ ዩሪ ሴንኬቪች ከሶቪየት ኅብረት ነው፤ ኋላ የአገሩን የጉዞ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት የመራው እሱ ነው፣ ሞስኮ ተምረው የመጡ ታላላቆቻችን መልኩን ሳያስታውሱት አይቀሩም። አሜሪካና ሶቪየት ኒውክሊየር ደግነው በሚተያዩበት ዓመት ሁለት ዜጎቻቸው በአንድ የሰበዝ ጎጆ ውስጥ ጎን ለጎን ያንኮራፋሉ፤ ከሥራቸው የጣና ደንገል!

ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ሲሉ አንድ ነገር አዩ፤ ጥቁር የሬንጅ እብጥ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሌላ ቀንም። መሐል ውቅያኖስ ላይ፣ መርከብ በማይታይበት! ትልቅ መርከብ ላይ የሚሄድ ሰው ይህን አያይም፣ በጣም ከፍ ይላል፣ በጣም ይፈጥናል። ደንገል ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አፍንጫው ውሃው ላይ ነው። ለተባበሩት መንግሥታት አሳወቁ፤ በሁለተኛው ጉዞ ደግሞ ሞሮኳዊው መዳኒ አይት ኡሃኒ በየቀኑ ናሙና እንዲይዝ ተደረገ፣ ከ57ቱ ቀን በ43ቱ ሬንጅ አገኙ። የዓለም ውቅያኖስ መቆሸሹን ጮኸው ከተናገሩት ቀደምት ምስክሮች መሐል የእኛ ሐይቅ ሣር ላይ የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ይህን ለልጆቻችን ለምን አላስተማርንም?

የመጀመሪያዋ «ራ» ግን ባርቤዶስ አልገባችም። ጅራቷ ዘቀጠ። ምክንያቱ ሲነገር እንዴት ያማርራል መሰላችሁ! በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ወደ ውስጥ ከታጠፈው የመርከቧ ጅራት ተነሥቶ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። ሠሪዎቹ ጅራቱን ለማስዋብ ብቻ የታሰረ መሰላቸውና አስቀሩት። ያ ገመድ ግን ጌጥ አልነበረም፤ እንደ ደጋን አውታር ጅራቱን ወደ ላይ እየጎተተ ከሞገዱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነበር። ሺህ ዓመታት ሥዕል ላይ ተሥሎ ሁሉም ሲያየው ኖሯል፣ ሥራውን ያወቀ ግን አልነበረም፤ ውቅያኖሱ ነው ያስተማራቸው። ሐምሌ 11 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ባርቤዶስ የቀናት መንገድ ሲቀረው፣ ልትቀበላቸው በመጣች ሸናንዶዋ በተባለች ጀልባ ላይ ተሳፍረው «ራ»ን ለውሃው ተዉአት። በሁለተኛው ቀን ሰው ጨረቃን ረገጠ። ዓለም ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ነበር፤ የጣና ደንገል ብቻውን አትላንቲክ ላይ ሲንሳፈፍ ማን ይየው?

ይሄኔ አብዛኛው ሰው በቃኝ ይላል። ሄየርዳል ግን በዓመቱ እንደገና የኢትዮጵያ ደንገል አስመጣ! በዚህኛው ጊዜ ሠሪዎቹ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት አይማራዎች ነበሩ፤ እነሱ በአገራቸው የሚሠሩት ቶቶራ ከሚባል ሸምበቆ ነው። «ራ 2» ሳፊ ላይ ተሠራች፣ 12 ሜትር ብቻ ሆነች። ሁለት ወፋፍራም የደንገል ነዶዎች በመሐላቸው አንድ ቀጭን አስገብተው በአንድ ወጥ ገመድ ዙሪያውን ጠምጥመው ሲያጠብቁት እንደ አንድ አካል ሆነ። ይህን ሳነብ ስለ ሐይቅ ሰዎች አሰብሁ። አንዱ አንዲስ ተራራ ላይ፣ አንዱ ሰሃራ በረሃ ዳር፣ አንዱ ጎጃም ደጋ ላይ፤ ሳይተዋወቁ፣ ሳይገናኙ፣ ሁሉም ሣር አስረው ይሄዳሉ። አንድ ሙያ ነው።

ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሡ። አብዱላሂ ቀርቶ ጃፓናዊው ኬይ ኦሃራና መዳኒ ተጨምረው ስምንት ሆኑ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ መርከቧ ዝቅ እያለች ሄደች፤ ዕቃ እየጣሉ አቀለሏት። መቅዘፊያ በማዕበል ተሰበረ፤ ጠገኑት። በዚህ መሐል እኛ ዘንድ ጾመ ሐዋርያት ገብቷል፣ ክረምቱ ጥሏል፣ ዓባይ ሞልቷል፣ መልካው ተዘግቷል። የየጁቤ ሰው ማዶውን እያየ መሻገር አቅቶት በተቀመጠበት ወራት የጣና ደንገል 6,100 ኪሎ ሜትር ይሻገራል! ሐምሌ 5 ቀን፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ጾሙ በሚፈታበት ቀን ብሪጅታውን ወደብ ገቡ። ቀኑን ቆጥሬ ሳገኘው ብድግ አልሁ፤ እናቴ ያን ዕለት ዶሮ ሠርታ ይሆናል፣ በአገሯ የበቀለው ሣር ካሪቢያን ሲገባ።

መርከቧ ዛሬም አለች! ኦስሎ፣ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ኖርዌይ ያላችሁ ወገኖች፣ በክርስቶስ ስም፣ ሄዳችሁ እዩልኝ። በጉዞው የተሠራው «ራ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ እሱንም ፈልጉት።

የሰውየው ነገር በጎረቤታችን መጠናቀቁ ደግሞ ሌላ ሆድ የሚያባባ ነው። «ቲግሪስ» የተባለችውን ሦስተኛ የሸምበቆ መርከቡን ከኢራቅ አነሥቶ ጅቡቲ ደረሰ፤ በቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ ጦርነት በዝቶ መተላለፊያ ሲያጣ፣ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ጦርነትን ለመቃወም ራሱ በእሳት አቃጠላት። ቤከር፣ ማውሪና ሴንኬቪች ያን ጊዜም አብረውት ነበሩ። እኛ ያን ዓመት ምን ላይ እንደ ነበርን ታውቃላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አላስችል ብሎኝ ባሕር ዳር ሄድሁ። በሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ የነገደ ወይጦ አዛውንት አገኘሁ። ዳር ላይ የተቆረጠ ደንገል ተከምሯል፤ አንዱን አንሥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይኔ አየሁት። ግንዱ ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ልጣጩ አረንጓዴ፣ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የሚሰረጉድ፣ አየር የሞላበት። ይህ አየር ነው ስምንት ሰው የተሸከመው። አዛውንቱ ደንገሉን በክንድ እየሰበሰቡ በልጥ ያስራሉ፤ በየእስሩ ጉልበታቸውን ተክለው እስኪጮኽ ይጎትቱታል። አጠገባቸው ከሥራ የተመለሰች ታንኳ ዛፍ ላይ ተደግፋ ውሃዋን ታንጠባጥባለች፤ ታንኳ ከሐይቅ ስትወጣ ካልደረቀች ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልሁ። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጊዛን፣ ሳፊን፣ የተሰበረውን መቅዘፊያ፣ የቀረውን ገመድ፣ ባርቤዶስን። እጃቸው ሳይቆም ሰሙኝ።

«ስንት ቀን ነው ያልኸኝ?»

«ሃምሳ ሰባት።»

እጃቸው ቆመ። «ሳይደርቅ?»

«ሳይደርቅ።»

ዛፉ ላይ ወደ ተደገፈችው ታንኳ ዞረው ጅራቷን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ውሃ ጠብ አለ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ማነው ያሰረው?» አሉኝ።

ከባሕር ማዶ የመጡ፣ እነሱም በሐይቅ ላይ ሣር እያሰሩ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው አልኋቸው።

«የሐይቅ ሰዎች ናቸው?»

«አዎ አባባ፣ የሐይቅ ሰዎች ናቸው።»

«እንግዲያስ» አሉና ጉልበታቸውን ደንገሉ ላይ ተክለው ልጡን ሳቡት።